የኤሌክትሪክ ብስክሌት ገዥ የሚገዛው ባትሪ ነው

ከሶዶ ወደ ቤሌ ለሚመላለስ ነጋዴ የሚያዋጣው የትኛው ነው?

በክልል ከተሞች ቤንዚን በወረፋ መቅዳት፣ ወረፋው ሲያልቅበት ደግሞ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ እጥፍ ዋጋ ከፍሎ መግዛት የተለመደ ሆኗል። በዚህ የተማረረ ነጋዴ ዓይኑን ወደ ኤሌክትሪክ ብስክሌትና ሞተር ብስክሌት ቢያዞር የሚያስገርም አይደለም። መንግሥትም ገበያውን ወደዚያው እየገፋው ነው። የገንዘብ ሚኒስቴር በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ሙሉ በሙሉ ተበትነው ለሚገቡ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች የጉምሩክ ቀረጡን አንስቷል፤ በከፊል ተበትነው ለሚገቡት 5 በመቶ፣ ተገጣጥመው ለሚገቡት ደግሞ 15 በመቶ እንዲሆን አድርጓል። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይታወሳል።

ይሁንና የኤሌክትሪክ ብስክሌት የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ጎማውን፣ ቀለሙንና መብራቱን ነው። እውነተኛው ዕቃ ግን ከመቀመጫው ሥር ተቆልፎ የተቀመጠው ባትሪ ነው። ከብስክሌቱ ጠቅላላ ዋጋ ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚደርሰውን የሚይዘው እሱ ነው። ሞተሩ ለዓመታት ሊሠራ ይችላል፤ ጎማና ፍሬን በየሰፈሩ ይገኛል። ባትሪው ሲሞት ግን ብስክሌቱ የብረት ክምር ይሆናል። ባትሪ በዶላር የሚመጣ ዕቃ በመሆኑ፣ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ወደ ገበያ ከተለቀቀ ወዲህ መተኪያው ከመጀመሪያው ግዥ በላይ የሚከብድበት ጊዜ ሊመጣ እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ የነጋዴ ወጉ ነው።

በዚህ ረገድ የቤሌን መንገድ እንደ መለኪያ መውሰድ ይቻላል። ቤሌ በወላይታ ዞን የኪንዶ ኮይሻ ወረዳ ከተማ ነች። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ከተቆረቆረችው ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ወደ ኦሞ ሸለቆ አቅጣጫ ለሚጓዝ ሰው መንገዱ ቁልቁል ነው፤ ሲመለስ ግን ዳገት ይጠብቀዋል። አየሩም ከሶዶ ይልቅ ይሞቃል። ባትሪን የሚፈትኑት ሦስቱ ነገሮች ማለትም ዳገት፣ ሙቀትና ጭነት በአንድ መንገድ ላይ ተሰብስበው ይገኛሉ ማለት ነው። እዚህ የሚያገለግል ባትሪ ሌላም ቦታ ያገለግላል።

ሦስት ዓይነት ባትሪ፣ ሦስት ዓይነት ጠባይ

በገበያ ላይ የሚቀርቡት ባትሪዎች በዋናነት ሦስት ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያው ሊድ አሲድ ነው። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 እ.ኤ.አ. የሠራው የዚሁ ባትሪ ዘመድ ዛሬም በየመኪናው ውስጥ አለ። ለብስክሌት የሚሆነው ፈሳሹ የማይፈስ ተደርጎ የታሸገው ሲሆን፣ እያንዳንዱ 12 ቮልት ነው። አራቱ ሲቀጣጠሉ 48፣ አምስቱ 60፣ ስድስቱ 72 ቮልት ይሆናሉ። ዋጋው ከሁሉም ይረክሳል። ነገር ግን ከባድ ነው፤ አራት ባለ 20 አምፒር ባትሪዎች አንድ ላይ ከ25 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናሉ። ዕድሜውም አጭር ነው። በደንብ ቢያዝ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ተሞልቶ ቢያገለግል ነው። በተጨማሪም ዕድሜው እንዲረዝም ከተፈለገ ከያዘው ኃይል ከግማሽ በላይ ባይወጣለት ይመረጣል።

ሁለተኛው ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ያለበት ሊቲየም ነው። በነጋዴው ዘንድ በጥቅሉ “ሊቲየም” ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። ቀላልና ጉልበታም ነው፤ ከ500 እስከ 1,000 ጊዜ ያህል ይሞላል። ጉዳቱ ሙቀትንና ከመጠን በላይ መሞላትን አለመውደዱ ነው። ሲበላሽም ክፉኛ ሊቀጣጠል ይችላል።

ሦስተኛው ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ከጆን ጉዲናፍ ቤተ ሙከራ የወጣ ሲሆን፣ ሰውዬው በሊቲየም ባትሪ ላይ ለሠሩት ሥራ በ2019 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር ተካፍለዋል። ይህ ባትሪ ከሁለተኛው ትንሽ ይከብዳል፤ ነገር ግን ሙቀት ይችላል፣ በቀላሉ አይቀጣጠልም፣ 2,000 ጊዜና ከዚያ በላይ ሊሞላ ይችላል። ለቤሌ ዓይነት ሞቃት አገርና በየቀኑ ለሚሠራ ሰው ተመራጩ ይህ መሆኑ አያጠራጥርም።

ሒሳቡ ሲሠራ

የባትሪ ጉልበት የሚለካው በቮልት ብቻ ወይም በአምፒር ብቻ አይደለም። ሁለቱ ሲባዙ የሚገኘው ዋት-ሰዓት ነው። 48 ቮልት በ20 አምፒር-ሰዓት ሲባዛ 960 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ሻጩ “ባለ 20 ነው፣ ባለ 30 ነው” ሲል ገዥው ቮልቱን ጠይቆ ማባዛት አለበት። ባለ 36 ቮልቱ 20 አምፒር ከባለ 72 ቮልቱ 20 አምፒር ጋር በስም ቢመሳሰልም ጉልበቱ ግማሽ ነው።

አሁን ሦስቱንም ባለ 960 ዋት-ሰዓት አድርገን እናወዳድራቸው። ሊድ አሲዱ ግማሽ ኃይሉ እየወጣለት 400 ጊዜ ቢሞላ በዕድሜው በጠቅላላ 192 ኪሎ ዋት-ሰዓት ይሰጣል። ባለ ኒኬሉ ሊቲየም ከመቶ 80 እየወጣለት 800 ጊዜ ቢሞላ 614 ኪሎ ዋት-ሰዓት ይደርሳል። አይረን ፎስፌቱ በዚሁ መንገድ 2,000 ጊዜ ቢሞላ 1,536 ኪሎ ዋት-ሰዓት ይሰጣል። ይህ ማለት የሊድ አሲዱ ዋጋ 100 ብር ነው ቢባል፣ ባለ ኒኬሉ እስከ 320 ብር፣ አይረን ፎስፌቱ ደግሞ እስከ 800 ብር ቢጠየቅበት ገዥው አልከሰረም ማለት ነው። በገበያው የሚጠየቀው የዋጋ ልዩነት ከዚህ በታች ከሆነ በመነሻው ውድ የሚመስለው ዕቃ በመጨረሻው ርካሽ ይሆናል።

ሆኖም ሒሳቡ ሁለት ነገር ይቀረዋል። አንደኛው የአጠቃቀም ልክ ነው። ሳምንት ሙሉ የሚሠራ ሰው 2,000ውን ዙር በአምስት ዓመት ተኩል ገደማ ጊዜ ውስጥ ይጨርሰዋል። በሳምንት አንድ ቀን ለገበያ ብቻ የሚወጣ ግን ዙሩን ሳይጨርስ ባትሪው በእርጅና ይደክማል፤ ባትሪ ቆሞም ያረጃልና። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የዙሩ ብዛት የሚሰጠው ጥቅም ትንሽ ነው። ሁለተኛው የገንዘብ ዋጋ ነው። በብድር የሚነግድ ሰው ዛሬ በባትሪ ላይ ያሰረው ገንዘብ ወለድ ይበላል። ስለዚህ በየቀኑ ለሚሠራ ሊቲየም፣ አልፎ አልፎ ለሚንቀሳቀስ ደግሞ ሊድ አሲድ ቢመረጥ ሒሳቡ አይጠላውም።

ዳገቱ ስንት ይበላል?

ብዙ ገዥዎችን የሚያስኮርፈው “60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል” ተብሎ የተሸጠው ብስክሌት 35 ላይ ሲቆም ነው። ሻጩ የግድ ዋሽቶ ላይሆን ይችላል። ፋብሪካው ቁጥሩን ያወጣው በሜዳ፣ በቀስታ፣ አንድ ቀጭን ሰው ብቻ ጭኖ ሊሆን ይችላል።

በፔዳል እየታገዘ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ብስክሌት በአንድ ኪሎ ሜትር ከ8 እስከ 15 ዋት-ሰዓት ይበላል። በእጅ ነዳጅ መስጫ ብቻ የሚነዳ ከ15 እስከ 20፣ ሞተር ብስክሌት የሚባለው ደግሞ ከ30 እስከ 50 ይደርሳል። ዳገት በዚህ ላይ ይጨመራል። ብስክሌቱ፣ ነጂውና ጭነቱ በአንድ ላይ 250 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ ያንን ክብደት 100 ሜትር ወደ ላይ ለማውጣት 68 ዋት-ሰዓት ያስፈልጋል። በሞተሩና በሽቦው ውስጥ የሚባክነው ሲታሰብ ከባትሪው 85 ያህል ይወጣል።

አንድ ነጋዴ ደርሶ መልስ 60 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፣ በመልሱም በድምሩ 500 ሜትር ይወጣል እንበል። በኪሎ ሜትር 35 ዋት-ሰዓት ቢታሰብ 2,100፣ ለዳገቱ 425፣ በጠቅላላ 2,525 ዋት-ሰዓት ያስፈልገዋል። ባለ 72 ቮልት 40 አምፒር ባትሪ 2,880 ዋት-ሰዓት ስለሚይዝ በወረቀት ላይ የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን ባትሪ ተሟጦ እንዳያልቅ ከመቶ 20 ማስቀረት ስለሚያስፈልግ፣ በእጁ ያለው 2,304 ብቻ ነው። አይበቃም። ይህ ሰው ወይ 3,200 ዋት-ሰዓት አካባቢ የሚይዝ ባትሪ መግዛት፣ ወይ ዕቃውን እያራገፈ ሳለ እዚያው ቤሌ ለአንድና ለሁለት ሰዓት ቻርጅ ማድረግ አለበት። ሁለተኛው መንገድ ገንዘብ ይቆጥባል፤ ግን ቻርጀር ይዞ መጓዝንና የመብራትን መኖር ይጠይቃል።

ባትሪ በዕድሜ እየደከመ ሲሄድ ከመቶ 20 እስከ 30 የሚሆነው አቅሙ እንደሚቀንስም መዘንጋት የለበትም። ዛሬ ልክ ልኩን የሚያደርስ ባትሪ ከሁለት ዓመት በኋላ ዳገቱ መሃል ላይ ያቆማል። ብልህ ገዥ የሚገዛው ለነገ ጉልበት እንጂ ለዛሬ ብቻ አይደለም።

ሚዛን አይዋሽም

“ያልጠረጠረ ተመነጠረ” የሚባለው ለዚህ ገበያ የተነገረ ይመስላል። ባትሪ የታሸገ ዕቃ ነው፤ ውስጡን ገልጦ ማየት አይቻልም። በላዩ የተለጠፈውን ቁጥር ማንም ሊያሳትመው ይችላል። ከአሮጌ ላፕቶፕ የተፈቱ ሴሎችን አዲስ ላስቲክ አልብሶ መሸጥ በብዙ አገሮች የሚታወቅ ማጭበርበር ነው። ይሁን እንጂ ገዥው በቀላል መሣሪያ ብዙ ነገር ማጣራት ይችላል።

የመጀመሪያው መሣሪያ ሚዛን ነው። ሊድ አሲድ በኪሎ ግራም ከ30 እስከ 40 ዋት-ሰዓት ይይዛል። አይረን ፎስፌት ከነቤቱ ከ100 እስከ 130፣ ባለ ኒኬሉ ከ150 እስከ 200 ይይዛል። “48 ቮልት 20 አምፒር ሊቲየም” የተባለ ባትሪ 960 ዋት-ሰዓት ስለሆነ ባለ ኒኬል ከሆነ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ግራም ግድም መመዘን አለበት። ሦስት ኪሎ ተኩል ከመዘነ በውስጡ ያለው ከ13 አምፒር ብዙ አይበልጥም። ቅቤና በቆሎ መዝኖ የሚገዛ ነጋዴ ባትሪን ሳይመዝን የሚገዛበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛው በየኤሌክትሪክ ሠራተኛው እጅ የሚገኘው ቴስተር ነው። 48 ቮልት የሚባለው ባለ 13 ረድፍ ባለ ኒኬል ሊቲየም ሙሉ ሲሆን 54.6 ቮልት ያሳያል። ባለ 16 ረድፍ አይረን ፎስፌት ሙሉ ተሞልቶ 58.4 ይደርስና ከቻርጀሩ ሲነቀል ትንሽ ይወርዳል። አንዱ ባለ 12 ቮልት ሊድ አሲድ ደግሞ ሙሉ ሆኖ ካረፈ በኋላ 12.7 እስከ 12.9 ማሳየት አለበት። ከመደብር የወጣ “አዲስ” ሊቲየም ከሙሉው በጣም ወርዶ ከተገኘ ለረጅም ጊዜ መጋዘን ውስጥ ቆይቶ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛውና ዋናው ፈተና ጭነት ነው። ቴስተሩ እንደተያያዘ ብስክሌቱ ሁለት ሰው ጭኖ ዳገት እንዲወጣ ይደረግ። ቮልቱ ጥቂት ቢወርድ ጤናማ ነው፤ ተንሸራትቶ ከወረደ ወይም በድንገት ከጠፋ በውስጡ የደከመ ሴል አለ። በሊድ አሲድ ጊዜ አራቱንም ለየብቻ መለካት ይገባል፤ በጭነት ጊዜ ከ10.5 ቮልት በታች የወረደው አንዱ ሌሎቹን ሦስቱን ይዞ ይሞታል። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል እንጂ ደላላ ስላመሰገነው ብቻ የሚገዛ ዕቃ አይደለም።

ሌላው መጠየቅ ያለበት ቢኤምኤስ የሚባለው የመቆጣጠሪያ ካርድ ነው። ሊቲየም ባትሪን ከመጠን በላይ ከመሞላት፣ ተሟጦ ከማለቅና ከሾርት የሚጠብቀው እሱ ነው። ቢኤምኤስ የሌለው ሊቲየም በማንኛውም ዋጋ መገዛት የለበትም።

ቻርጀር ያልሆነ ቻርጀር

በርካታ ባትሪዎች የሚሞቱት በመንገድ ሳይሆን በግድግዳ ላይ ነው። “ሶኬቱ ከገባ ይሠራል” የሚለው እምነት ብዙ ዋጋ ያስከፍላል። ከላይ እንደተገለጸው 48 ቮልት የሚባሉት ሦስቱ ባትሪዎች የሚሞሉበት ልክ የተለያየ ነው። ለአይረን ፎስፌት ወይም ለሊድ አሲድ የተሠራው 58 ቮልት ግድም የሚሰጥ ቻርጀር በ54.6 መቆም ያለበት ባለ ኒኬል ሊቲየም ላይ ከተሰካ፣ ባትሪውን ከቃጠሎ የሚለየው ያ ትንሽ ካርድ ብቻ ይሆናል። ካርዱ የተበላሸ ዕለት የሚከተለው ግልጽ ነው።

አደጋው የወሬ አይደለም። በኒው ዮርክ ከተማ በ2023 እ.ኤ.አ. ብቻ ከሊቲየም ባትሪ በተነሱ 268 ቃጠሎዎች 18 ሰዎች ሞተዋል። ከተማይቱም በዚያው ዓመት የደኅንነት ማረጋገጫ የሌለው የኤሌክትሪክ ብስክሌትና ባትሪ እንዳይሸጥ ከልክላለች። በቻይናዋ ናንጂንግ በየካቲት ወር 2024 እ.ኤ.አ. የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች ከቆሙበት ምድር ቤት በተነሳ እሳት 15 ሰዎች አልቀዋል። ቻይና ለብስክሌት ሊቲየም ባትሪ ያወጣችው አስገዳጅ የደኅንነት ደረጃ ከኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። አስመጪዎች ከዚያ ወዲህ የተመረተውን ለይተው ቢጠይቁ ይጠቀማሉ።

ስለዚህ ቻርጀር ሲገዛ በጀርባው የተጻፈው የቮልት መጠን ከባትሪው ጋር መመሳከር አለበት። ቻርጅ የሚደረገውም መኝታ ቤት ወይም መውጫ በር ላይ ሳይሆን ነፋስ በሚያገኝ ቦታ፣ በሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ከጆንያ፣ ከገለባና ከቤንዚን ርቆ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሰክቶ መተኛት ቢቀር ይመረጣል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ በዚያን ጊዜ ቻርጀሩን ነቅሎ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ወይም ስታብላይዘር መጠቀም ቻርጀሩን ያድናል።

በነገራችን ላይ የወላይታ አካባቢ የኃይል ጎረቤት ነው። ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጊቤ 3 ግድብ ያለው በዚሁ በኦሞ ወንዝ ላይ፣ በወላይታና በዳውሮ መካከል ነው። ሆኖም ለግድብ ቅርብ መሆን የቤት ሶኬት አስተማማኝ ነው ማለት አይደለም። ለ2,880 ዋት-ሰዓት ባትሪ ከቆጣሪው የሚነበበው 3.3 ኪሎ ዋት-ሰዓት ያህል ነው። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እያደገ ቢሄድም፣ ማንም ሰው 3.3ን በራሱ ቢል ላይ ባለው ዋጋ አባዝቶ ከአንድ ቀን የቤንዚን ወጪው ጋር ቢያስተያይ ልዩነቱን ያገኘዋል።

ከአያያዝ ይቀደዳል

“ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል” ይባላል። የባትሪ አያያዝ ላይ ትልቁ ስሕተት የሚመጣው የአንዱን ልማድ ለሌላው ከማድረግ ነው።

ሊድ አሲድ ሁልጊዜ ሙሉ መሆን ይወዳል። ከሥራ እንደተመለሰ በዚያው ዕለት መሞላት አለበት። ባዶውን ለሳምንት የተቀመጠ ሊድ አሲድ በውስጡ ሰልፌት ይጋገርበትና ዳግመኛ አያገግምም። ለወራት የማይሠራ ከሆነም በየወሩ መሞላት ይገባዋል።

ሊቲየም በተቃራኒው መሃለኛውን ይወዳል። ከመቶ 20 በታች ሳይወርድ፣ ለዕለቱ የማያስፈልግ ከሆነም ከመቶ 80 እስከ 90 ተሞልቶ ቢቆም ዕድሜው ይረዝማል። ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ግማሽ አካባቢ ላይ ማቆየት ነው። በ40 ዲግሪ ሙቀት ሙሉ ሆኖ ዓመት የተቀመጠ ባለ ኒኬል ዓይነት ሊቲየም ከአቅሙ ሲሶ ያህል ሊያጣ ሲችል፣ ግማሽ ሆኖ በ25 ዲግሪ የቆየው የሚያጣው ከመቶ 5 ገደማ ብቻ ነው። በመጋዘን ባትሪ ለሚያከማች ነጋዴ ይህ የኪሳራና የትርፍ ልዩነት ነው። በቆርቆሮ ክዳን ሥር፣ ፀሐይ በሚያጋግለው መጋዘን ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ የተደረደረ ዕቃ ሳይሸጥ እያረጀ ነው። አይረን ፎስፌት ግን ሴሎቹ እንዲስተካከሉ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ቢሞላ ይመከራል።

ለሁሉም የሚሆኑ ጥቂት ደንቦችም አሉ። ከረጅም ጉዞ በኋላ ባትሪው ትኩስ ስለሆነ ግማሽ ሰዓት ያህል አሳርፎ መሰካት፤ ከ45 ዲግሪ በላይ የጋለ ሊቲየም ቻርጅ አይደረግም። ብስክሌቱን በፀሐይ ሳይሆን በዛፍ ጥላ ማቆም። በክረምት ላቫጆ ሲገባ ውኃው በግፊት ባትሪው ሳጥንና መሰኪያው ላይ እንዳይለቀቅ ማስጠንቀቅ። ኮረኮንች መንገድ ሽቦና ብሎን ስለሚያላላ በየሳምንቱ ማጥበቅ። ያበጠ፣ የሸተተ፣ የወደቀ ወይም ቻርጅ ሲደረግ የሚግል ሊቲየም ደግሞ “አንድ ቀን ይቆይ” የሚባልለት አይደለም፤ ከቤት ውጭ ወጥቶ ከሥራ መታገድ አለበት። ሊድ አሲድ ሲለወጥም አራቱን በአንድ ጊዜ መለወጥ እንጂ አንድ አዲስ ከሦስት አሮጌ ጋር ማጣመድ አዲሱን በአጭር ጊዜ ማስረጀት ነው።

ለአስመጪውና ለባለሀብቱ

ባትሪ ማስመጣት ለሚያስቡ ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። አንደኛ፣ በውጭ ያለ ዘመድ “በሻንጣ ይላክልኝ” የሚባል ነገር አይሠራም። በመንገደኛ አውሮፕላን ከ100 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ ትርፍ ሊቲየም ባትሪ ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ፣ ከ160 በላይ የሆነው ደግሞ በጭራሽ አይፈቀድም። የብስክሌት ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ከ300 በላይ ነው። በጭነትም ቢሆን ለብቻው የሚላክ ሊቲየም ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንገደኛ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ እንዳይጫን ተከልክሏል። የተለመደው መንገድ ባሕር ነው፤ ለዚያም የተባበሩት መንግሥታት 38.3 የሚባለው የፍተሻ ሰነድ ከአምራቹ መጠየቅ አለበት። ሰነዱን ማቅረብ ያልቻለ አምራች ዕቃው ቢረክስም ገንዘብ የሚላክለት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ከብስክሌቱ ጋር የገባ ባትሪና ለብቻው እንደ መለዋወጫ የሚገባ ባትሪ በጉምሩክ ታሪፍ አንድ አይደሉም። የኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌት በ8711.60፣ ሊቲየም ባትሪ በ8507.60 ይመደባል። ለተሽከርካሪው የተሰጠ ማበረታቻ ለመለዋወጫውም ይሠራል ብሎ ዕቃ ማዘዝ ወደብ ላይ ያስደነግጣል። የወቅቱን ቀረጥ አስቀድሞ ከጉምሩክ ማረጋገጥ ይበጃል።

ገዥን ከባትሪ ዋጋ የሚገላግል ሌላ መንገድም በዓለም ላይ እየተሞከረ ነው፤ ባትሪውን ሳይገዙ ባዶውን በሙሉ እየለወጡ ለአገልግሎቱ ብቻ መክፈል። የታይዋኑ ጎጎሮ በ2015 እ.ኤ.አ.፣ የሩዋንዳው አምፐርሳንድ በ2019 እ.ኤ.አ. ጀምረውታል። በአገራችንም የኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌት በመገጣጠም የሚታወቀው ዶዳይ በአዲስ አበባ ወደዚሁ አገልግሎት ገብቷል። ለሶዶና ለቤሌ መንገድ እንዲህ ያለ ሥራ ያዋጣ እንደሆነ የሚወስነው የደንበኛው ብዛት ነው። የባትሪዎቹ ዋጋ በባለ ጣቢያው ትከሻ ላይ ስለሚወድቅ፣ በቀን ጥቂት ደንበኛ ብቻ ያለው ሰው ዕዳ ይዞ ይቀመጣል። ከዚያ ቀለል ያለው ትክክለኛ ቻርጀሮች፣ ፊዩዝና ስታብላይዘር ያሉት፣ ነጋዴው ዕቃውን እስኪሸጥ ድረስ በሰዓት የሚያስከፍል የቻርጅ ቤት ነው። መነሻ ካፒታሉ ትንሽ፣ ኪሳራውም በዚያው ልክ ትንሽ ነው።

የተጣለ ባትሪም ሒሳብ አለው። ሊድ አሲድ ቢሞትም እርሳሱ ስለሚፈለግ ቆራሌው ይገዛዋል፤ በመተኪያው ዋጋ ላይ ይህ መታሰብ አለበት። ነገር ግን ቤት ውስጥ ሰብሮ እርሳሱን ማቅለጥ ልጆችን ይመርዛል። ሊቲየም ደግሞ እንዲህ ያለ የለመደ ገዥ የለውም፤ ቆሻሻ ላይ ቢጣል ደግሞ እሳት ያስነሳል።

በመጨረሻ ገዥው ከሱቅ ሲወጣ በእጁ ሊኖረው የሚገባው ብስክሌቱ ብቻ አይደለም። የባትሪው ዓይነት፣ ቮልቱና አምፒሩ፣ የተመረተበት ወር፣ የዋስትናው ዘመንና “አቅሙ ከዚህ በታች ከወረደ ይለወጣል” የሚለው ልክ በደረሰኝ ላይ መስፈር አለበት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ ለገዛ ሸማች መብት ይሰጣል። ነገር ግን አዋጁ የሚጠብቀው ለራሱ የሚገዛውን ነው፤ ለመልሶ ሽያጭ የሚገዛ ነጋዴ የሚጠበቀው በውሉ ነው። ያለ ደረሰኝ በደላላ ቃል ብቻ የተገዛ ባትሪ በዳገቱ መሃል ቀጥ ሲል ከሻጩም ከዳኛውም የሚገኝ መልስ አይኖርም።